የፓምፕ ከልክ ያለፈ ግፊት

የፓምፕ ከልክ ያለፈ ግፊት የሚባለው አንድ ፓምፕ የሚፈጥረው ግፊት ከእሱ ቀጥሎ ያሉት ቧንቧዎችና ዕቃዎች ከሚችሉት መጠን ሲያልፍ ነው። በነዳጅ ማጣሪያ፣ በኬሚካልና በማዳበሪያ ፋብሪካዎች የቧንቧ መፈንዳት፣ የኬሚካል መፍሰስና የእሳት አደጋ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ፓምፕ ሲመረጥ በመደበኛ ሥራ ላይ የሚሰጠው ግፊት ብቻ ሳይሆን ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ግፊትም ይሰላል።

ሴንትሪፉጋል ፓምፕ

ይህ ዓይነቱ ፓምፕ ፈሳሹን በሚሽከረከር ክንፍ ይገፋል። የመውጫው ቫልቭ ሲዘጋ ፍሰቱ ይቆማል፤ ፓምፑ የሚጨምረው ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። በዚህ ላይ በመግቢያው በኩል ሊኖር የሚችለው ከፍተኛ ግፊት ይደመራል።

ለምሳሌ አንድ የውሃ ፓምፕ በመደበኛ ሥራ 60 ሜትር (5.9 ባር ገደማ)፣ መውጫው ሲዘጋ ደግሞ 80 ሜትር (7.8 ባር ገደማ) ያነሳል እንበል። የመግቢያው ግፊት 1 ባር ከሆነ በመደበኛ ሥራ ድምሩ 6.9 ባር ስለሚሆን 10 ባር የሚችል ቧንቧ በቂ ይመስላል። የመግቢያው ግፊት 3 ባር በደረሰበት ጊዜ መውጫው ቢዘጋ ግን ግፊቱ 10.8 ባር ይሆናል።

ፈሳሹ ከውሃ 1.2 እጥፍ የሚከብድ ከሆነ ፓምፑ የሚጨምረው ግፊትም በዚያው ልክ ያድጋል። የፓምፑ ፍጥነት በ10% ቢጨምር ደግሞ ይኸው ግፊት በ21% ይጨምራል፤ ምክንያቱም የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው።

መግቢያውም መውጫውም ተዘግተው ፓምፑ መሽከርከሩን ከቀጠለ የሞተሩ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። በውስጡ የቀረው ፈሳሽ እየሞቀ ሄዶ ፓምፑን ሊያፈነዳው ይችላል።

የፒስተንና የማርሽ ፓምፖች

እነዚህ በእያንዳንዱ ዙር የተወሰነ መጠን ያለው ፈሳሽ ይገፋሉ። መውጫው ቢዘጋም መግፋታቸውን ስለማያቆሙ፣ ሞተሩ እስኪያቅተው ወይም አንዱ ክፍል እስኪሰበር ድረስ ግፊቱ ይጨምራል። በመሆኑም በፓምፑና በመጀመሪያው መዝጊያ ቫልቭ መካከል፣ የፓምፑን ሙሉ ፍሰት ማሳለፍ የሚችል የደኅንነት ቫልቭ ይገጠማል።

መከላከያ

የመጀመሪያው አማራጭ ከፓምፑ በኋላ ያለውን መስመር በሙሉ ከፍተኛውን ግፊት እንዲችል አድርጎ መሥራት ነው። ይህ ውድ ወይም የማይቻል ሲሆን የደኅንነት ቫልቭ ይገጠማል። ቫልቩ የሚከፈትበት ግፊት ዕቃው ከሚችለው በላይ መሆን የለበትም። የሚለቀው ፈሳሽም ወደ መነሻው ታንክ ቢመለስ ይመረጣል፤ በቀጥታ ወደ ፓምፑ መግቢያ ከተመለሰ እዚያው እየዞረ ይሞቃል። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ደረጃ 521 ስለ ግፊት ማስተንፈሻ ሥርዓቶች መመሪያ ይሰጣል።

በነባር መስመር ላይ የፓምፑ ክንፍ በትልቅ ሲተካ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ወይም ፈሳሹ ሲለወጥ የቀድሞው ስሌት ስለማይሠራ ከፍተኛው ግፊት እንደገና መሰላት አለበት።