በመተማ በር የገቡ ቤተሰቦች

የምዕራብ ጎንደር ቆላ በታሪክ መጻሕፍት የሚታወሰው ከሁሉ በፊት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1889 መተማ ላይ ከመሐዲስት ጦር ጋር ሲዋጉ በወደቁበት ቀን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ይሁንና ከመተማ ተነሥቶ በአብርሃ ጅራ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘረጋው፣ ጓንግና አንገረብ የሚያቋርጡት ይህ ሞቃት ምድር የጦር ሜዳ ብቻ አልነበረም። ነጋዴና ሐጃጅ፣ ባሪያና ባሪያ ፈንጋይ፣ መልእክተኛና ስደተኛ የተመላለሱበት በርም ነበር። ከጦርነቱ 30 ዓመት ቀደም ብሎ ይህ በር ጥቂት የአውሮጳ ሚሲዮናውያንን አስገብቷል። ስለ እነርሱ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የመድፍና የእስር ታሪክ ነው። እነዚህ ሰዎች ሚስት ያገቡ፣ ልጅ የወለዱ፣ ጎጆ የወጡ መሆናቸው ግን እንደ ትርፍ ነገር ይታለፋል። የታሪኩ ቁልፍ ያለው ግን በዚህ በሚታለፈው ነገር ውስጥ ነው።

ሚሲዮናውያኑን የላከው ድርጅት የተመሠረተው በ1840፣ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኘው የቅድስት ክሪሾና ኮረብታ ላይ ሲሆን መሥራቹ ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር ነበር። ድርጅቱ ያሠለጥን የነበረው ሊቃውንትን ሳይሆን የእጅ ሙያ ያላቸውን ወጣቶች ነው። ዓላማውም በሙያቸው ራሳቸውን እየቻሉ ወንጌል እንዲሰብኩ ማድረግ ነበር። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ያየውና ከ1846 ጀምሮ በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባት ይህን ሐሳብ ደገፈ። ከዚህም የተነሣ «የሐዋርያት ጎዳና» የተባለ ዕቅድ ወጣ። ከእስክንድርያ ተነሥቶ በዓባይ ሸለቆ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ በየሐዋርያው ስም የሚጠሩ 12 ጣቢያዎች እንዲቋቋሙ ታሰበ። ካርቱምና መተማም በዚሁ መሥመር ላይ ነበሩ። በካርታ ላይ ጎዳናው ቀጥ ያለ ነበር፤ በምድር ላይ ግን የተጓዙበትን ሰዎች በበረሃ ጥማትና በቆላ ንዳድ የፈጀ መንገድ ሆነ።

የዚያን ዘመን መተማ ለማንም ሙሉ በሙሉ ያልተገዛች የገበያ ከተማ ነበረች። አብዛኛው ነዋሪዋ ከምዕራብ አፍሪቃ ወደ መካ ሲያልፍ በዚያው የቀረ፣ ተክሩር የሚባለው ሕዝብ ነበር። ሹማምንቷም ከ1821 ጀምሮ ሱዳንን ለያዘችው ለግብፅም፣ ለደጋው ንጉሥም እየገበሩ ከሁለቱ መካከል ይኖሩ ነበር። ከደጋ ቡና፣ ሰም፣ በቅሎና ፈረስ፣ ከቆላ ጥጥ ይወጣባት ነበር። ከሸቀጡ ጎን ሰውም ይሸጥባት ነበር። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በ1862 በዚህ ሲያልፍ ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዙ ጀርመናውያን ሚሲዮናውያንን አገኘ። ከእነርሱም አንዱ፣ በሙያው አንጥረኛ የነበረው፣ በሕመም ተዳክሞ ነበር። ሰባኪውን በር ላይ የተቀበለው ንጉሥም ካህንም ሳይሆን ወባ ነው።

በደጋው ይጠብቋቸው የነበሩት ንጉሥ ደግሞ የዚህ ቆላ ጎረቤት ልጅ ነበሩ። የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ ገና በሽፍትነታቸው ዘመን መተማን ያውቁ ነበር። በ1848 ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ሲገጥሙ ጀግንነት በመድፍ ፊት እንዴት እንደሚረግፍ በዓይናቸው አይተዋል። እንግዲህ በ1855 ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ወጣቱ ዮሐን ማርቲን ፍላድ ስለ ሚሲዮን ሥራ ፈቃድ ለመጠየቅ በፊታቸው በቀረቡ ጊዜ፣ ንጉሡና እንግዶቹ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ማለታቸው ነበር። እንግዶቹ «ባለሙያ» ሲሉ ወንጌልን በሙያ ሸፍኖ የሚገባ ሰው ማለታቸው ነው። ንጉሡ «ባለሙያ» ሲሉ ብረት አቅልጦ መንገድ የሚጠርግ እጅ ማለታቸው ነው። ስምምነቱ የቆመው በዚህ አለመግባባት ላይ ነበር።

ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንትስለን በ1856 መጡ። ፍላድ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰና በ1859 ዳግመኛ በዓባይና በሱዳን በኩል ሲገባ ብቻውን አልነበረም። ባለቤቱ ፓውሊና ኬለር አብራው ነበረች። እርሷም በኢየሩሳሌም ሕሙማንን ታስታምም የነበረች የወንጌላውያን እኅት ናት። ከእነርሱም ጋር ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የተባለው የስዊስ ወጣት ነበር። የፍላድ ቤተሰብ በደምቢያ፣ ጄንዳ ላይ ተቀመጠ፤ ሥራውም በቤተ እስራኤል መካከል ማስተማር ነበር። የሸክላና የብረት ሥራ ሙያቸው፣ ርስት ማጣት ግን ዕጣቸው ለነበረው ለእነዚህ ገበሬና ባለእጆች፣ በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ የመጣው ነጭ እንግዳ ግራ የሚያጋባ ነበር። አንዳንዶቹ ሰሙት፤ ብዙዎቹ ካህናቶቻቸው እንደ ጠላት አዩት። በንጉሡ ትእዛዝም ከመካከላቸው የሚጠመቅ ሰው የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንጂ በእንግዳ ሃይማኖት አልነበረም። ስለዚህ ሚሲዮናዊው የሚዘራው በሌላ ሰው ማሳ ላይ ነበር፤ አዝመራውም ለእርሱ አይገባም።

የዋልድማየር ጎጆ አወጣጥ ከዚህ የተለየ ነበር። በ1859 መጨረሻ ሱዛን ቤልን አገባ። አባቷ ጆን ቤል በንጉሡ ዘንድ ሊቀ መኳስ ተብሎ የተሾመ እንግሊዛዊ፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት፣ እርሷም ገና ልጅ እግር ነበረች። ጋብቻው ሚሲዮናዊውን በአንድ ቀን ከመጻተኛነት ወደ አማችነት አሸጋገረው። አባቷ በተከታዩ ዓመት ለንጉሡ ሲዋጋ ሞተ። ሌሎቹም ባለሙያዎች እንዲሁ በዝምድና ተሳሰሩ። ከክራካው የመጣው ሞሪትዝ ሆል፣ የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ሳንደር ልጅ የሆነችውን ወለተ ኢየሱስን አገባ፤ የእርሷም እናት ኢትዮጵያዊት ነበረች። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ እነዚህ ቤተሰቦች የሠሩት መንደር ከአባቶቹ ሃይማኖት ይልቅ የእናቶቹን ቋንቋ የሚናገር መንደር ሆነ። ልጆቹ አማርኛ እየተናገሩ አደጉ። አባቶቹም ከንጉሡ እጅ ፈረስና የማዕረግ ልብስ ተቀበሉ። እንግዳ በአገር ውስጥ ሥር የሚሰደው በስብከት ሳይሆን በምድጃ፣ በጡትና በአማች በኩል መሆኑን የጋፋት ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

ነገር ግን የሚያስተሳስረው ገመድ የሚያስርም ገመድ ነው። ንጉሡ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። በ1863 ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን፣ በ1864 መጀመሪያ ቆንስል ካሜሮን ታሰሩ። ቁጣው በተለይ የወረደው በቤተ እስራኤል መካከል በሚሠሩት ሰባኪዎች ላይ ሲሆን የፍላድም ቤት ተነካ። በ1865 መጨረሻ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም በመተማ በኩል ቢገባም ነገሩ ከመብረድ ይልቅ ተባባሰ፤ እርሱም ታሰረ። በሚያዝያ 1866 ንጉሡ ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት። ባለሙያዎችና መሣሪያዎች እንዲያመጣ አዘዙት፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን እስኪመለስ በንጉሡ ዘንድ ቀሩ።

ይህን ውሳኔ የእብሪት ሥራ ብቻ አድርጎ ማየት ቀላል ነው። ሆኖም ንጉሡ የዘመኑን ሕግ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በመሳፍንት ዓለም ውስጥ ጋብቻ ቃል ኪዳን፣ ልጅም የቃል ኪዳን መያዣ ነው። ባላባት ልጁን በተቀናቃኙ ቤት ማሳደጉ የታወቀ ነበር። ቴዎድሮስ የባዕዱን ቤተሰብ የያዙት ልክ እንደ አገሬው ባላባት ቤተሰብ ነው። ፓውሊና ፍላድ መያዣ የሆነችው ባዕድ በመሆኗ ብቻ ሳይሆን የአገር ሰው ተደርጋ በመቆጠሯም ጭምር ነው። ፍላድ ለንደን ደርሶ ከንግሥቲቱ ፊት ቀረበ። በዚያው መቅረት ይችል ነበር። በ1867 ግን ወደ ንጉሡ ሰፈር ተመለሰ። የያዘውም የማያስደስት መልእክት ነበር፤ ባለሙያዎቹ እስረኞች እስኪለቀቁ ምፅዋ ላይ ተይዘዋል የሚል። ከእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ይልቅ ጄንዳ ላይ የቆመው ጎጆ የጠነከረ ኃይል ነበረው።

በዚያው ዓመት ጋፋት ላይ «ሴባስቶፖል» የተባለው ታላቅ መድፍ ተቀለጠ፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። በ1848 ደባርቂ ላይ የተጀመረ የንጉሥ ሕልም፣ ወንጌል ሊሰብኩ በመጡ ሰዎች እጅ ቅርፅ አገኘ። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በገደልና በሸለቆ የጎተተው ግን ስሙ ያልተመዘገበው ብዙኃኑ ወታደርና ገበሬ ነው። መድፉ የቆመለትን ውጊያ ሳይዋጋ ቀረ። በሚያዝያ 1868 የናፒየር ጦር መቅደላ ሥር ሲደርስ እስረኞቹና ባለሙያዎቹ ተለቀቁ። ንጉሡም በሚያዝያ 13 ቀን ራሳቸውን ሠዉ።

ከዚህ በኋላ የታሪኩ አቅጣጫ ይገለበጣል። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ከወረዱት መካከል ለፓውሊና ጉዞው ወደ ወገን መመለስ ነበር። ለሱዛንና ለወለተ ኢየሱስ ግን ከተወለዱበት ምድር መነቀል ነበር። በባዕድ አገር የሚሲዮን ቤት አቁሞ የመኖሩ ዕጣ አሁን የደረሰው ለእነዚህ ሁለት የኢትዮጵያ ልጆች ነው። ወለተ ኢየሱስ በዚያው ዓመት የወለደቻት ልጅ በአምባው ስም መግደሌና ተባለች። ቤተሰቡም ፍልስጥኤም ውስጥ፣ ያፋ ላይ ሰፈረ። ከዚያ ቤት ከተወለዱት መካከል ዳዊት ሆል በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በአማካሪነት አገልግሏል። መግደሌናም የታዋቂው ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት የፒተር ኡስቲኖቭ አያት ናት። ሱዛን ከባለቤቷ ጋር ሊባኖስ ተራሮች ላይ ኖረች። ዋልድማየር በብሩማና በ1873 ትምህርት ቤት፣ በዘመኑ መጨረሻም በአስፉሪያ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሥርቷል። በሊባኖስ የታሪክ ገጽ ላይ የተጻፈው የእርሱ ስም ነው። ሱዛን በ1893 ስታርፍ ከደብረ ታቦር ከወጣች 25 ዓመት ሆኗት ነበር።

ጄንዳ ላይ የቀረውስ ምን ነበር? ፍላድ ከአገሩ ሆኖ ሥራውን በደብዳቤ መራ እንጂ በደምቢያ ተመልሶ አልኖረም። ሥራውን የያዙት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከእነርሱም ዋነኛው በልጅነቱ በፍላድ ቤት ያደገው፣ በቅድስት ክሪሾና የተማረውና ወደ አገሩ የተመለሰው ሚካኤል አረጋዊ ነበር። የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ያልቻሉትን፣ ማለት በክፉ ዘመን ከሕዝቡ ጋር አብሮ መኖርን፣ እርሱና ባልደረቦቹ ቻሉ። በ1888 መሐዲስቶች በዚሁ ቆላ በኩል ወጥተው ጎንደርን ሲያቃጥሉና ደምቢያን ሲያጠፉ፣ ክፉ ቀን የተባለውም ረኀብ ሲከተል፣ ጄንዳም ከመከራው አልተረፈችም። በተከታዩ ዓመት መተማ ራሷ የንጉሠ ነገሥቱ መሞቻ ሆነች። የ«ሐዋርያት ጎዳና» ሕልም ከዚያ በፊት ሞቶ ነበር።

በሩ ግን አልተዘጋም። ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ ፍላድ ሊያስተምራቸው የመጣባቸው የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ራሳቸው በዚሁ ቆላ በእግር ወርደው በገዳሪፍ አጠገብ ኡም ራኩባ መጠለያ ደረሱ። ብዙዎቹም ኢየሩሳሌምን ሳያዩ በዚያው አለቁ። እነርሱም ልጅ አዝለው፣ ሽማግሌ ደግፈው፣ በማያውቁት አገር አዲስ ኑሮ ሊጀምሩ የወጡ ነበሩ።

ቴአትራችንና ሥነ ጽሑፋችን መቅደላን ደጋግመው አሳይተዋል። መድፉ ተጎትቷል፤ ንጉሡም በመድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ሞተዋል። ከመድፉ ጀርባ የነበሩት ጎጆዎች ግን ገና ባለቤት አላገኙም። ባሏን በመያዣነት የጠበቀችው ፓውሊና፣ ከደብረ ታቦር ወጥታ ሊባኖስ ላይ የተቀበረችው ሱዛን፣ ልጇን በአምባ ስም የጠራችው ወለተ ኢየሱስ፣ የሁለት ዓለም ትምህርት ይዞ በደምቢያ የቆመው ሚካኤል አረጋዊ፣ ሁሉም የዚያው ዘመን ሰዎች ናቸው። የመንግሥታት ጠብ የሚታወጀው በደብዳቤና በነጋሪት ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ሁልጊዜም በምድጃ ዙሪያ የተሰበሰበው ቤተሰብ ነው። ይህን ዕዳ ቆጥሮ ለትውልድ ማቅረብ ከታሪክ ጸሐፊው ባልተናነሰ የኪነ ጥበብ ሰውም ግዴታ ነው።