ስም የሌላቸው ዜና አንባቢዎች

«ዜናውን ያነበብኩላችሁ እገሌ ነኝ» የሚለውን ሁላችንም ስለለመድነው ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በለንደኑ ቢቢሲ ግን ስም መናገር የተጀመረበት ምክንያት በደንብ ይታወቃል፤ ፍርሃት ነው።

አልቫር ሊዴል በ1908 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ከስዊድናውያን ወላጆች እንግሊዝ ውስጥ ተወለደ። ቢቢሲ በገባበት በ1930ዎቹ ዜና አንባቢ ድምፅ እንጂ ስም አልነበረውም። የጣቢያው አለቃ ጆን ሪዝ ማታ የሚያነቡትን ሰዎች ጥቁር የእራት ልብስ ለብሳችሁ ማይክራፎን ፊት ቅረቡ ይል ነበር። ማን ሊያያቸው! ሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 ጠቅላይ ሚኒስትር ቻምበርሌን ጦርነት መጀመሩን ሲያውጁም፣ ከዳውኒንግ ስትሪት ቀድሞ የተሰማው የሊዴል ድምፅ ነበር።

በ1940 ጀርመን ኖርዌይን በወረረችበት ዕለት ክዊስሊንግ የሚባለው ሰው ኦስሎ ሬዲዮ ጣቢያ ገብቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እኔ ነኝ ብሎ አወጀ። ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳይም ወደቀች። እንግሊዞች ተራው የእኛ ነው ብለው ሲጨነቁ ጥያቄ ተነሣ፦ ጠላት ስቱዲዮውን ይዞ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ «እጅ ሰጥተናል» ቢል ሕዝቡ በምን ይለያል? መፍትሔው ሕዝቡ አንባቢዎቹን በስምና በድምፅ እንዲለያቸው ማድረግ ሆነ። የማንም ድምፅ በኮምፒውተር በሚቀዳበት በዛሬው ዘመን ዘዴው የዋህ ይመስላል። «ዜናው እነሆ፣ የሚያነበውም አልቫር ሊዴል ነው» የሚለው አባባል ግን በአገሩ ሁሉ ታወቀ።

ስም ያገኙት ባልደረቦቹም በየራሳቸው ታሪክ ይታወሳሉ። ብሩስ ቤልፍሬጅ ቀድሞ ተዋናይ ነበር። ኦክቶበር 15 ቀን 1940 ማታ የጣቢያው ሕንፃ ላይ የወደቀው ቦምብ ወዲያው አልፈነዳም፤ የፈነዳው ቤልፍሬጅ የምሽቱን 3 ሰዓት ዜና እያነበበ ሳለ ነው። ሰባት ሠራተኞች ሞቱ። አድማጭ የሰማው የፍንዳታውን ድምፅ፣ ጥቂት ዝምታ፣ ከዚያም «ምንም አይደለም» የሚል ሹክሹክታ ነበር። ቤልፍሬጅ ወረቀቱ ላይ የወረደውን አቧራ እፍ ብሎ ንባቡን ቀጠለ።

የዊልፍሬድ ፒክልስ ታሪክ ግን ይለያል። ፒክልስ የዮርክሺር ልጅ ነው፤ በ1941 የሰሜኑን ዘዬ ይዞ ለንደን መጥቶ እንዲያነብ ተደረገ። ጀርመኖች የለንደንን ጨዋ አነጋገር ቢያስመስሉ እንኳ ይህን አይችሉትም ተብሎ ነው። ዜናውን ሲጨርስ በአገሩ ዘዬ «ደህና እደሩ» ብሎ ይሰናበታል። ጋዜጦች ተንጫጩ፣ አድማጮች በደብዳቤ ተቃወሙ፤ ፒክልስም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሰሜን ተመለሰ። ለማስመሰል ከሁሉ የሚያስቸግረው ድምፅ የእሱ ነበር፤ አድማጩ ግን አላመነውም። ሕዝቡ እውነት የሚመስለው የጌቶች አነጋገር ሆኖ ነበርና ጦርነትም ይህን አላስለወጠውም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ስሞቹ ቀሩ፤ አንባቢዎቹም ወደ ስም የለሽነታቸው ተመለሱ። ጥሩ ዘፋኝም የነበረው ሊዴል እስከ 1969 ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ ዘ ሊስነር በተባለው መጽሔት ላይ የአዲሶቹን አንባቢዎች አነጋገር ክፉኛ ነቀፈ። ጽሑፉ ቸል አልተባለም፤ ቢቢሲ ጉዳዩን የሚመረምሩ ሦስት ሰዎች ሰየመ። ሊዴል በ1981 አረፈ። ያ ነቀፋ በወጣበት ጊዜ ፒክልስ ከሞተ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር።