ድሪልና ገመዱ፦ ጉልበተኛ መብሻ ከመግዛታችን በፊት

ስኔልቪል ቤት ገዝቶ የገባ ሐበሻ፣ ቡናው ተፈልቶ ዘመድ ጎረቤቱ ከመረቀው በኋላ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ድሪል ፍለጋ ይወጣል። መጋረጃ መስቀያ አለ፣ መደርደሪያ አለ፣ የእናትና የአባት ፎቶግራፍ አለ። ከታች ደግሞ ያላለቀው ቤዝመንት ይጠብቀዋል። ባለሙያ ጠይቆ የተነገረው ዋጋ ያስደነገጠው ሰው «ታዲያ ራሴ ብሠራውስ?» ማለቱ አይቀርም። ከመካከላችን ይህንኑ ሥራ እንጀራው ያደረገ፣ ቀን የሰው ቤት ሲያድስ ውሎ ማታ የራሱን የሚጨርስም ጥቂት አይደለም። ሁለቱም ሱቅ ገብተው አንድ መደርደሪያ ፊት ይቆማሉ፤ ሁለቱም «ጉልበተኛው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ ብዙ ሰው ያሳስታል። እኔንም አሳስቶኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ኮልፌ በእንጨት ሥራ ለሚተዳደረው ታናሽ ወንድሜ፣ ከዚህ ጉልበተኛ የተባለ ባለገመድ ድሪል ገዝቼ በሚሄድ ሰው ሻንጣ ላክሁለት። በደረሰው ማግስት ደወለ። «ጋሼ፣ የላክኸው ዕቃ እንደ አውሬ ጮኸ፤ ከዚያ ጢስ አወጣና ዝም አለ» አለኝ። ጥፋቱ የሠሪውም የሻጩም አልነበረም፤ የእኔው ነበር። ምን እንዳጠፋሁ መጨረሻው ላይ እነግራችኋለሁ። አስቀድመን ግን ይህ መሣሪያ ከየት እንደ መጣ እንይ። ታሪኩን ያወቀ ሰው ሱቅ ውስጥ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃልና። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከቋጥኝ እስከ ሰው እጅ

አገር ቤት ባለእጁ እንጨት ለመብሳት ሲፈልግ ብረት አግሎ ያቃጥለው ነበር። ኋላ በእጅ የሚሽከረከረው መሰርሰሪያ መጣ። በአናጢዎቻችን አፍ ያሉትን ቃላት ያስተዋለ ሰው መሣሪያዎቹ በየት በኩል እንደ ገቡ መገመት ይችላል፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ ሁሉም የጣልያን ቃላት ናቸው። የኤሌክትሪኩን መብሻ ግን ብዙዎቻችን በእንግሊዝኛ ስሙ «ድሪል» እንለዋለን፤ የሚበሳውን ጫፍ ብቻ በጣልያንኛው «ፑንታ» እያልን ቀርተናል።

የኤሌክትሪክ መብሻ ታሪክ ከቤት ሥራ ጋር አልተጀመረም። በ1889 በአውስትራሊያ፣ በሜልበርን ከተማ፣ አርተር ጀምስ አርኖት የተባለ መሐንዲስ ከዊሊያም ብላንች ብሬን ጋር ሆኖ ለኤሌክትሪክ መብሻ የፈጠራ መብት አወጣ። መሣሪያው ዓለት ለመብሳትና የድንጋይ ከሰል ለመቆፈር የታሰበ ነበር። ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1895፣ በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ የፋይን ኩባንያ በሰው እጅ ተይዞ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ድሪል አወጣ። በእጅ ይያዝ እንጂ እንደ ዛሬው በአንድ እጅ የሚነሳ አልነበረም፤ በሁለት እጅ ጨብጦ በደረት መግፋትን የሚጠይቅ ከባድ ዕቃ ነበር።

ሽጉጡ ያስተማረው

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል። በ1910 በባልቲሞር ከተማ ደንከን ብላክና አሎንዞ ዴከር የተባሉ ሁለት ወጣቶች 1,200 ዶላር አዋጥተው አንዲት ትንሽ የብረታ ብረት ሱቅ ከፈቱ። ብላክ ድርሻውን 600 ዶላር ያገኘው መኪናውን ሸጦ ነው። ሥራቸው የሰው ማሽን መሥራት ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ ግን የራሳቸውን ሐሳብ ይዘው ብቅ አሉ። ሐሳቡን የሰጣቸው የኮልት ሽጉጥ አያያዝ ነው ይባላል፤ እጀታው እንደ ሽጉጥ ሆኖ፣ ማብሪያው በጣት የሚሳብ ቃታ የሆነ ድሪል። በ1914 አመልክተው በ1917 የፈጠራ መብቱን አገኙ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምናየው ድሪል ሁሉ መልኩን የወረሰው ከዚያ ነው።

ሌላው ቁም ነገር ውስጡ ያለው ሞተር ነው። በተለዋጭም ሆነ በቀጥታ ኮረንቲ የሚሠራ፣ አካሉ ትንሽ ሆኖ ጉልበቱ ብዙ የሆነ፣ ካርቦን ብሩሽ ያለው ሞተር ነው። ይህን ሞተር ልብ በሉት፤ የወንድሜ ድሪል ጣጣ ኋላ እዚህ ላይ ያመጣናል።

በዚያው ዘመን በዊስኮንሲን፣ በሚልዋኪ ከተማ ሌላ ነገር ሆነ። የመኪና ፋብሪካዎች የሚሠሩበት ባለግማሽ ኢንች ድሪል ሁለት ሰው የሚጠይቅ ሸክም ነበር። ሄንሪ ፎርድ ለሠራተኛው የሚቀል ፈለገ፤ ፒተርሰን የተባለ ባለሱቅም ሩብ ኢንች የሚጨብጥ፣ ክብደቱ 5 ፓውንድ ብቻ የሆነ ድሪል ሠራ። ሱቁ በእሳት ከወደመ በኋላ ሲበርት የተባለ ሰው ሥራውን ገዝቶ በ1924 ዛሬ ሚልዋኪ የምንለውን ኩባንያ አቋቋመ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ድሪል ሁለት ዘር ሆነ ማለት ይቻላል፦ ከባድ፣ ቀስ ብሎ የሚዞርና የማይበገር፤ ቀላል፣ ፈጥኖ የሚዞርና ለእጅ የሚመች። ሱቅ ገብተን ግራ የሚገባን ይህን ልዩነት ስለማናስተውል ነው።

ገመዱ ከየት መጣ?

ድሪሉ ቢገኝም የሚሰካበት ከሌለ ምን ይጠቅማል? የእኛ ስኔልቪል ታሪክ እዚህ ላይ ይገባል። ከተማዋን የቆረቆሯት በ1874 ከእንግሊዝ አገር የመጡ ቶማስ ስኔልና ጀምስ ሶየር የተባሉ ሁለት ስደተኞች ናቸው። እንደ ብዙዎቻችን እነሱም ሱቅ ከፈቱ። በ1923 ከተማዋ ሕጋዊ ማዘጋጃ ቤት ሆነች። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን በጆርጂያ ገጠር ሌሊቱ የኩራዝ ሌሊት ነበር፤ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ለጥቂት ገበሬ ብለው ሽቦ አንዘረጋም ይሉ ነበር።

ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1924 ለሕክምና ወደ ጆርጂያ፣ ወደ ዎርም ስፕሪንግስ መጣ። ለአንዲት ትንሽ ጎጆ የመጣበት የመብራት ሒሳብ በኪሎዋት ሰዓት 18 ሳንቲም ሆኖ አገኘው፤ ኒውዮርክ ካለው ቤቱ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ በ1935 የገጠር ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤትን አቋቋመ፤ በ1938 በባርንስቪል፣ ጆርጂያ ባደረገው ንግግር ሐሳቡ የተወለደው በዚያች የመብራት ሒሳብ መሆኑን ተናገረ። ዛሬ ስኔልቪል ውስጥ ብዙ ቤት የሚያበራው የዋልተን የኤሌክትሪክ ማኅበርም በ1936 ገበሬዎች ተሰባስበው የመሠረቱት ነው። እኛ አገር ቆቃ ግድብ ተመርቆ ለአዲስ አበባ ኮረንቲ የሰጠው በ1960፣ በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፣ እዚህ ያሉት ጎረቤቶቻችን አያቶችም ከእኛ ያን ያህል ቀድመው እንዳልሄዱ እንረዳለን።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኞች ድሪሉን ለቤታቸው ሥራ እየያዙ ይወጡ እንደ ነበር ይተረካል። ይህን ያዩት ብላክና ዴከር በ1946 ለቤት ባለቤት የተሠራ፣ ዋጋው የቀነሰ ድሪል ገበያ አወጡ። በ1961 ያለገመድ በባትሪ የሚሠራው መጣ። ሰኔ 1979 ደግሞ ሆም ዲፖ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሱቆች እዚሁ አትላንታ ከፈተ። የባለሙያው ዕቃና የቤት ባለቤቱ ዕቃ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። የዛሬው ግራ መጋባት ከዚህ ይጀምራል።

እንግዲህ የትኛውን እንግዛ?

በቅድሚያ፣ ባለገመድ ያስፈልገን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ለመጋረጃና ለመደርደሪያ ባትሪው ይበቃል። ገመዱ የሚያሸንፈው ሥራው ረዥምና ከባድ ሲሆን ነው፦ ትልልቅ ቀዳዳ መብሳት፣ ሲሚንቶና ቀለም ማቡካት፣ ቀኑን ሙሉ ያለዕረፍት መሥራት። በዓመት ሁለቴ ብቻ ለሚሠራ ሰውም ይጠቅማል፤ ጋራዥ ውስጥ 10 ዓመት ቢቀመጥ የሚሞት ባትሪ የለውም።

ቀጥሎ አፉን እንይ። ለቤት ሥራ ባለሦስት ስምንተኛ ኢንች (10 ሚሊ ሜትር አካባቢ) ቀላልና ፈጣን ነው። ለባለሙያ ባለግማሽ ኢንች (13 ሚሊ ሜትር አካባቢ) ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ሻጩ «10 አምፔር ነው» ሲል አንቸኩል። አምፔር ድሪሉ ከግድግዳው የሚስበውን ይነግረናል፤ 10 አምፔር በ120 ቮልት ሲባዛ 1,200 ዋት ነው። ይህ ግን የሚበላው እንጂ የሚሠራው አይደለም። ጉልበቱ ወደ ፑንታው የሚደርሰው በጥርሶቹ በኩል ነው። አምፔሩ እኩል የሆነ ሁለት ድሪል ቢኖር፣ በደቂቃ 2,500 ጊዜ የሚዞረው ለቀጭን ቀዳዳ ነው፤ 600 ጊዜ ብቻ የሚዞረው ግን የመጠምዘዝ ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ ወፍራም ጣውላና ሲሚንቶ ማቡካት አያቅተውም። ለዚህኛው ሥራ ፈጣኑን የገዛ ሰው «ከእጅ አይሻል ዶማ» ይሆንበታል፤ ሞተሩም ይቃጠላል።

አራተኛ፣ የምንበሳው ምንድን ነው? ለእንጨትና ለላሜራ ተራው ድሪል ይበቃል። ለጡብና ለብሎኬት እየመታ የሚዞረው ሀመር ድሪል፣ ጫፉ ካርባይድ ከሆነ ፑንታ ጋር ያስፈልጋል። የቤዝመንቱን ኮንክሪት ደጋግሞ ለሚበሳ ሰው ደግሞ ሮተሪ ሀመር የሚባለው አለ፤ ቦሽ በ1932 የኤሌክትሪክ መዶሻውን ገበያ ካወጣ ወዲህ የዳበረ ዘር ነው። በሀመር ድሪል ግማሽ ሰዓት የሚያለፋውን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

አምስተኛ፣ የጎን እጀታ የሌለውን ጉልበተኛ ድሪል አትግዙ። ፑንታው ብረት ወይም የእንጨት ዓይን ውስጥ ሲነከስ ሞተሩ መዞሩን አይተውም፤ ያኔ የሚዞረው ድሪሉ ነው፣ ከእሱም ጋር የእናንተ አንጓ። በቀን ሥራ ለሚኖር ሰው የተሰበረ አንጓ የወር ኪራይ ነው። ቃታውን ቆልፎ የሚያቆየውን ቁልፍም ፑንታ ስትበሱ አትንኩት። መነጽር አድርጉ።

ስድስተኛ፣ ገመዱ። ሦስት እግር ያለውን ሶኬት አንዱን እግር ቆርጣችሁ አትሰኩ። ሁለት እግር ብቻ ካለው ገላው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉ ሁለት አራት ማዕዘኖች ምልክት ፈልጉ፤ ድርብ መከላከያ አለው ማለት ነው። ቀጭን ማራዘሚያ ኮረንቲውን ስለሚያደክም ሞተሩን ያግላል። ለ10 አምፔር ድሪል እስከ 50 ጫማ ቁጥር 14፣ እስከ 100 ጫማ ቁጥር 12 ሽቦ ይሁን፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል።

ወደ አገር ቤት ለሚልክ

አሁን ወደ ወንድሜ እንመለስ። የአሜሪካ ግድግዳ 120 ቮልት ይሰጣል፤ የኢትዮጵያው 220 ነው። ቅድም ልብ በሉት ያልኋችሁ ሞተር ቮልቱ በጨመረ ቁጥር ይፈጥናል። እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቮልት ሲሰጠው ከልኩ በላይ ዞረ፣ ጮኸ፣ ሽቦው ነደደ። ሶኬቱን የሚያገጣጥመው ትንሽ መለወጫ ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይለውጥም፤ እኔ ግን እሱን ጨምሬ ስለላክሁ «ተስተካክሏል» ብዬ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር መግዛት ነው፤ የእኛው 50 የእነሱ 60 ሄርዝ መሆኑ ይህን ሞተር ብዙም አያስቸግረውም። ነገር ግን ሞተር ሲነሳ ብዙ ስለሚስብ፣ ለ1,200 ዋት ድሪል ከ2,000 ዋት ያላነሰ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ እሱም ከድሪሉ የከበደ ብረት ነው። ለአናጢ ተሸክሞት የሚዞር ዕቃ አይሆንም። ሁለተኛው የሚሻለው ነው፦ ድሪሉን ሳይሆን ገንዘቡን ልኮ፣ ገላው ላይ 220 ተብሎ የተጻፈበትን እዚያው እንዲገዛ ማድረግ። ብሩሹ ሲያልቅ የሚለወጥለት፣ ገመዱ ሲበጠስ የሚጠግንለት ሰውም እዚያው ያገኛል።

እኔም ወንድሜን አንድ የሥራ ሳምንት ካስመለጥሁት በኋላ ያደረግሁት ይህንን ነው። መርካቶ ሄዶ ባለግማሽ ኢንቹን፣ የጎን እጀታ ያለውን ራሱ መርጦ ገዛ። የተቃጠለውን ግን አልጣለውም፤ ቻኩንና የጎን እጀታውን ፈትቶ አስቀምጦታል። «ጋሼ፣ ያንተ ድሪል ለመለዋወጫ ደኅና ነው» ይለኛል በደወለ ቁጥር።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። ቅዳሜ መሰላል ላይ ለምትወጡ ሁሉ መልካም ሥራ፤ ቸር ይግጠመን።