ድር ቢያብርም ጌሙ አልፈጠነም፦ የሰርቨር ፕሮሰሰሮች በጌም ኮምፒውተር ውስጥ

ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜ የሐምሌና የነሐሴን ዕረፍት ሠርቶ ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ መጣና «ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር ልግዛ፤ የትኛው ይሻላል?» አለኝ። በቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ኮምፒውተርም የማውቀው እኔ ነኝ ተብሎ ይታሰባል። የማጠናው የቴክኖሎጂ ታሪክ ነው። ታሪክ ማወቅና ዕቃ መምረጥ ለየቅል መሆናቸውን ግን ያን ቀን አላሰብኩትም።

ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ ያገለገለ ኮምፒውተር አገኘን። ውስጡ ሁለት የኢንቴል ዚዮን ኢ5-2670 ፕሮሰሰሮች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸው 8 ኮር፣ በድምሩ 16። የጓደኛው ኮምፒውተር ደግሞ ባለ 4 ኮር አይ7-4790ኬ ነው። «16 ከ4 ይበልጣል፤ ይሄ ምን ያጠራጥራል?» አልኩት። ገዛው።

ከዚያ በሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ አንዱን ግራፊክስ ካርድ እያቀያየርን ያንኑ ጌም ሞከርን። የጓደኛው ያለ ምንም መንገጫገጭ ይሄዳል፤ የእኛው ተጫዋች በበዛበት ቦታ ሁሉ ይንተባተባል። የኮሮቹን ሥራ የሚያሳየውን መስኮት ስከፍት አንዱ ኮር እስከ ጫፍ ተጨናንቋል፤ አብዛኞቹ ግን ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝና «አንቺ እኮ ነሽ 16 ይበልጣል ያልሽኝ!» አለኝ። እውነቱን ነው። የሁለት ወር ድካሙን ያጠፋሁበት እኔ ነኝ።

ስህተቴ የሒሳብ ሳይሆን የታሪክ ስህተት እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ ፕሮሰሰር «ኃይለኛ» የሚባለው ለማን ተብሎ እንደተነደፈ ሲታወቅ ነው። በሰርቨር ፕሮሰሰርና በጌም ፕሮሰሰር መካከል ያለው ድንበርም ባለፉት ሃያ ዓመታት አንድ ቦታ ላይ አልቆመም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የሥራውን ልዩነት እንይ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ለሰርቨር ይህ ተረት እውነት ነው። አንድ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ጥያቄ ቢልክ፣ የአንዱ ጥያቄ የሌላውን ስለማይጠብቅ ሥራው ለብዙ ኮር ይከፋፈላል። ጌም ግን እንዲህ አይደለም። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማሳየት ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ 144 ፍሬም ከተፈለገ 7 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ተጫዋቹ የነካውን ማንበብ፣ ዓለሙን ማንቀሳቀስ፣ ለግራፊክስ ካርዱ ትእዛዝ ማዘጋጀት አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም።

ለእማዬ ያስረዳኋት በእንጀራ ነው። ሠርግ ካለ ዐሥር ምጣድ ይጣዳል፤ መሶቡም ቶሎ ይሞላል። አንድ እንግዳ ብቻ ተቀምጦ የመጀመሪያዋን እንጀራ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ዐሥር ምጣድ አያፈጥናትም፤ የሚያስፈልገው አንድ በደንብ የጋለ ምጣድ ነው። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒውተር መሐንዲስ በ1967 ያቀረበው ሐሳብም ይኸው ነው። ከሥራው ግማሹ የማይከፋፈል ከሆነ፣ ኮሩን የፈለግነውን ያህል ብናበዛው አጠቃላይ ፍጥነቱ ከሁለት እጥፍ አያልፍም።

ታዲያ የሰርቨር ፕሮሰሰር ለጌም አይሆንም ማለት ነው? ታሪኩ እንዲህ አይልም። በ2003 ኤኤምዲ ኦፕተሮን የተባለውን የሰርቨር ፕሮሰሰር አወጣ። በዚያው ዓመት መስከረም ለጌም ወዳጆች ያቀረበው አትሎን 64 ኤፍኤክስ-51 በአብዛኛው ያው ኦፕተሮን ነበር፤ ሶኬቱ የሰርቨሩ ሶኬት፣ የሚቀበለውም ራም የሰርቨር ራም ነው። ኢንቴል የመለሰው በፔንቲየም 4 ኤክስትሪም ኤዲሽን ሲሆን፣ እሱም ከዚዮን የተወሰደ 2 ሜጋባይት ተጨማሪ ካሽ የያዘ፣ ከ900 ዶላር በላይ የሚሸጥ ነበር። ያን ጊዜ የጌም ዙፋን ላይ የተቀመጡት ሁለቱም የሰርቨር ልጆች ናቸው ማለት ነው። ይህ የሆነው የሰርቨርና የቤት ፕሮሰሰር ሁለቱም ባለ አንድ ኮር ስለነበሩ ነው። ልዩነቱ በካሽና በራም መንገድ ላይ ነበር፤ ይህ ደግሞ ጌምንም ይጠቅማል።

መንገዱ የተለያየው ከዚያ በኋላ ነው። በ2004 ኢንቴል 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 የማውጣት ዕቅዱን ሰረዘ፤ ፍጥነትን ብቻ መጨመር ሙቀትን አስከተለ። መፍትሔው ኮር ማብዛት ሆነ። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ አገር ይገባል። ኢንቴል በ1974 ሐይፋ ላይ የከፈተው የንድፍ ማዕከል፣ በ2003 ባንያስ በሚል የሥራ ስም የሚታወቀውን ኃይል ቆጣቢ ፕሮሰሰር አውጥቶ ነበር። በ2011 የመጣው ሳንዲ ብሪጅም የተነደፈው ሐይፋ ነው። የመጀመሪያ ስሙ በዕብራይስጥ «ጌሸር»፣ ማለትም ድልድይ ነበር።

ያ አንድ የሐይፋ ንድፍ በሁለት መልክ ወጣ። ለቤት የወጣው ኮር አይ5-2500ኬ 4 ኮር ይዞ ከ3.3 እስከ 3.7 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ ባለቤቱ ከፈለገም ከዚያ በላይ ሊያስሮጠው ይችላል። በ2012 ለሰርቨር የወጣው ኢ5-2670 ደግሞ 8 ኮርና 20 ሜጋባይት ካሽ ይዞ ከ2.6 እስከ 3.3 ጊጋኸርዝ ነው። ኮሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ስምንቱም በ115 ዋት ተቻችለው እንዲያድሩ ግን ፍጥነታቸው ተቀነሰ። የወንድሜን ኮምፒውተር ያንተባተበው ይህ ነው። የጓደኛው ከ4 እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ የሚሄድ፣ በዚያ ላይ በሁለት ትውልድ የታደሰ ነው።

ይህ የሰርቨር ፕሮሰሰር እንዴት ልጆች እጅ ገባ? ሲወጣ ዋጋው ከ1500 ዶላር በላይ ነበር። ትልልቅ የዳታ ማዕከሎች ዕቃቸውን ሲቀይሩ ግን አሮጌዎቹ በብዛት ለገበያ ወጡ፤ በ2016 ላይ አንዱ ከ100 ዶላር በታች ይገኝ ነበር። የቻይና አምራቾችም ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች የሚሆን ርካሽ ማዘርቦርድ መሥራት ጀመሩ። አዲስ ለመግዛት አቅም ለሌለው ተጫዋች ይህ ትልቅ በር ነበር።

ጊዜውም ትንሽ ረድቷቸዋል። በ2013 መጨረሻ የወጡት ፕሌይስቴሽን 4ና ኤክስቦክስ ዋን ደከም ያሉ ግን ስምንት ኮሮች ስለነበሯቸው፣ ጌም ሠሪዎች ሥራውን መከፋፈል ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ አሮጌዎቹ ባለ 4 ኮር አይ5ዎች በአንዳንድ አዳዲስ ጌሞች መንተባተብ ሲጀምሩ፣ የእነዚህ ዚዮኖች ተጨማሪ ኮር ጥቅም ማሳየት ጀመረ።

በ2022 ደግሞ ድንበሩ እንደገና ተሻገረ። ኤኤምዲ በፕሮሰሰሩ ላይ ተጨማሪ ካሽ የሚደርብበትን ዘዴ በመጋቢት ለሰርቨሩ ኢፒክ፣ በሚያዝያ ለቤቱ ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ አዋለው። ራይዘኑ 96 ሜጋባይት ካሽ አለው። ፍጥነቱ 4.5 ጊጋኸርዝ ሲሆን፣ ካሽ ካልተደረበበት ወንድሙ ከ5800ኤክስ በ0.2 ያንሳል፤ በብዙ ጌሞች ግን ይበልጠዋል። ምክንያቱም ኮሩ የሚፈልገውን መረጃ ራቅ ካለው ራም ሳይሆን ከጎኑ ያገኘዋል። ያንኑ ዘዴ የያዘው ኢፒክ 7773ኤክስ 64 ኮርና 768 ሜጋባይት ካሽ አለው፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ ግን 3.5 ጊጋኸርዝ ነው። ለሠርጉ ይህኛው፣ ለአንዱ እንግዳ ያኛው።

እኔም ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ወደ ወንድሜ ኮምፒውተር ተመለስኩ። አዲስ መግዛት አንችልም፤ ሶኬቱ ግን በ2013 የወጣውን ዚዮን ኢ5-2667 ቪ2 ይቀበላል። እሱም የሰርቨር ነው፣ እሱም 8 ኮር ነው፤ ግን እስከ 4 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፣ ካሹም 25 ሜጋባይት ነው። ባዮሱን አድሰን፣ ሁለቱን አሮጌዎች ነቅለን፣ ያገለገለ አንዱን ብቻ ተከልን። ሁለት ፕሮሰሰር ሲኖር አንዱ በሌላው ጎን ያለውን ራም ለማግኘት ረጅም መንገድ ስለሚሄድ፣ መቀነሱም ራሱ ጠቀመን። የጓደኛውን ባይደርስበትም መንተባተቡ በአብዛኛው ቀረ። ወንድሜም ከኮር ቁጥር በፊት የአንዱን ኮር ፍጥነትና የካሹን መጠን ማየት ለመደ፤ አሁን ጓደኞቹን የሚያማክረው እሱ ነው።

እኛ ያደግነው ኪርያት ጋት ነው፤ የኢንቴል ፋብ 28 ያለበት ከተማ። ኢ5-2667 ቪ2 የተሠራበትን የ22 ናኖሜትር ዘዴ ከተጠቀሙት ፋብሪካዎች አንዱ እሱ ነው። ወንድሜ ፕሮሰሰሩን ሲያገላብጥ ክዳኑ ላይ የማሌዢያን ስም አየና «የእኛ ሰፈር አይደለም ማለት ነው?» አለኝ። በዚህ ጊዜ ቸኩዬ አልመለስኩለትም። ክዳኑ የሚነግረን ፕሮሰሰሩ የታሸገበትን አገር እንጂ ሲሊከኑ የተቀረጸበትን አይደለም አልኩት። ጽሑፍ ሁሉ የሚመልሰው የተጻፈበትን ጥያቄ ብቻ ነው፤ 16 የሚለው ቁጥርም እንደዚሁ ነበር።