አየሩን ከማን ጋር እንጋራለን? የሬዲዮ መቆጣጠሪያ ታሪክና የመጀመሪያ ድሮን



ባለ አራት ሞተር ድሮን በእጃቸው ገጣጥመው ለማብረር የተነሡ ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ ብቅ እያሉ «የትኛውን የሬዲዮ አስተላላፊ እንግዛ?» ይሉኛል። ጥያቄው ወደ መሐንዲስ እንጂ ወደ ታሪክ መምህር የሚመጣ አይመስልም። ቢሆንም ደስ ይለኛል፤ አንድ ሰው ዛሬ ከሱቅ የሚያነሣት ባለ ሁለት ዘንግ ሣጥን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ክርክር ውጤት ናትና። ተማሪዎቹ አስቀድመው የሚጠይቁት ርቀቷን ነው፤ ቀጥሎም የቻናሎቿን ብዛት። የዘርፉ ታሪክ ግን የተሠራው በሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው፦ መሣሪያዬ እኔን ብቻ እንዲሰማ ምን ላድርግ? ድምፄን መስማት ሲያቅተውስ ምን ያደርጋል? (ዘመኑን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ኒኮላ ቴስላ በ1898 በኒው ዮርክ፣ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተካሄደ ዐውደ ርእይ ላይ፣ በገንዳ ውኃ የምትንሳፈፍ አነስተኛ ጀልባን ያለ ሽቦ ነድቶ ለሕዝብ አሳየ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 8 ቀን ቁጥሩ 613,809 የሆነ ፓተንት አገኘበት። ከሌላ ምንጭ የመጣ ጠንካራ ሞገድ እንዲህ ያለውን ተቀባይ ሊያነቃው እንደሚችል ቴስላ አልተሰወረውም። በ1903 ባገኘው ሌላ ፓተንት፣ ተቀባዩ የተለያዩ ድግግሞሾች በአንድነት ሲደርሱት ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ ዘዴ አቀረበ፤ ሁለት ቁልፍ ካልዞረ እንደማይከፈት ሣጥን ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የተነሣው ከመጀመሪያዋ ጀልባ ጋር ነው።

መንትዮቹ ወንድማማቾች ዋልተርና ዊልያም ጉድ በ1937 በአሜሪካ በሬዲዮ የሚታዘዝ ሞዴል አውሮፕላን አበረሩ፤ አውሮፕላኑ ዛሬ በስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ይገኛል። ከጦርነቱ በኋላ ትርፍ ጊዜያቸውን በዚህ የሚያሳልፉ ሰዎች እየበዙ ሲሄዱ አየሩ ጠበበ። አስተላላፊው በውስጡ ባለች ክሪስታል በአንድ ድግግሞሽ ላይ የተቸነከረ ነበር። በኋላ ላይ አሜሪካ ለሞዴል አውሮፕላን በ72 ሜጋኸርዝ፣ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ በ35 ሜጋኸርዝ አካባቢ ቦታ መደቡ። በ72 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ሩብ ርዝመት አንድ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በድሮ ፎቶግራፎች ላይ አብራሪዎቹ ረጅም አንቴና ዘርግተው ይታያሉ።

ሁለት ሰዎች በአንድ ድግግሞሽ አስተላላፊ ቢከፍቱ በአየር ላይ ያለው አውሮፕላን ይወድቃል። መፍትሔው የተገኘው ከቤተ ሙከራ አልነበረም። በክበቦቹ ሜዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ይቆማል፤ ለእያንዳንዱ ድግግሞሽ የልብስ መቆንጠጫ የመሰለ ምልክት ይሰካበታል፤ መቆንጠጫው በእጁ ያልገባ ሰው አስተላላፊውን አይከፍትም። ከቦኖ ውኃ ተራ በምን ይለያል? የቴክኖሎጂ ታሪክ ጸሐፍት ስለ ትራንዚስተሩ ብዙ ሲጽፉ ይህን ሰሌዳ መዝለላቸው ይገርመኛል። ለአሥርተ ዓመታት አውሮፕላኖቹን በአየር ላይ ያቆየው የሰዎቹ ሥርዐት ጭምር ነበር።

ሰሌዳውን ከሥራ ያስወጣው ሐሳብ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። የፊልም ተዋናይቷ ሄዲ ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል ኦገስት 11 ቀን 1942 ፓተንት ያገኙበት ዘዴ ለቶርፔዶ መሪ የታሰበ ነበር። ላኪውና ተቀባዩ፣ በራሱ በሚጫወት ፒያኖ ውስጥ እንዳለው ዐይነት በተበሳሳ የወረቀት ጥቅል እየተመሩ፣ በ88 ድግግሞሾች መካከል እኩል ይዘላሉ፤ ቁጥሩ የፒያኖ ቁልፎች ቁጥር ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በጦርነቱ ጊዜ አልተጠቀመበትም። ላማርን የዋይፋይ እናት የሚያደርገው ወሬ የተጋነነ ይመስለኛል። ይሁንና ፓተንቱ በቀጥታ ስለ ርቀት መቆጣጠሪያ የተጻፈ በመሆኑ፣ ከዋይፋይ ይልቅ ለእኛ ርእስ ይቀርባል።

በ1985 የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን 2.4 ጊጋኸርዝን ጨምሮ በተወሰኑ ሞገዶች ላይ፣ ምልክታቸውን በሰፊው የሚበትኑ መሣሪያዎች ያለ ግል ፈቃድ እንዲሠሩ ደነገገ። የሞዴል አውሮፕላን አስተላላፊዎች ወደዚህ ሞገድ በስፋት የገቡት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። የስፔክትረም ቀደምት መሣሪያዎች ሲከፈቱ ሁለት ነጻ ቻናል መርጠው እዚያው ይቆዩ ነበር፤ የፉታባው ፋስት ግን ያለማቋረጥ ይዘላል። ተቀባዩ የተጣመረበትን አስተላላፊ መለያ ስለሚያውቅ የጎረቤትን ትእዛዝ አይቀበልም። አንቴናውም በ2.4 ጊጋኸርዝ ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር አጠረ።

የመጀመሪያው ጥያቄ በዚህ ከሞላ ጎደል ሲመለስ፣ ባለ ብዙ ሞተሩ ድሮን ሁለተኛውን አከበደው። አውሮፕላን ትእዛዝ ሲቋረጥበት በክንፉ ጥቂት ይንሳፈፋል። ድሮን ክንፍ የለውም፤ ሞተሮቹ ከቆሙ እንደ ድንጋይ ይወድቃል፤ ካልቆሙ ደግሞ ወደየት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ከዘንጎቹ የሚነሣው ትእዛዝም ሞተሮቹን በቀጥታ አያዝም። በድሮኑ ላይ ላለው የበረራ ኮምፒውተር የአብራሪውን ፍላጎት ይነግረዋል፤ የእያንዳንዱን ሞተር ፍጥነት የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው።

ታዲያ ምን ልግዛ ለሚለኝ መልሴ ይህ ነው። ለከፍታ፣ ለማዘንበል፣ ለመጋደልና ለመዞር አራት ቻናል፣ ሞተር ለማስነሣትና የበረራ ስልት ለመቀየር ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ ይበቃል፤ ዛሬ ከዚህ ያነሰ ብዙም ስለማይገኝ በቻናል ቁጥር አትጨነቁ። የፍጥነት ዘንጉ በግራ የሆነው «ሞድ 2» በብዙ አገሮች የተለመደ ነው፤ በጃፓን «ሞድ 1» ይዘወተራል። የሚያስተምራችሁ ሰው የያዘውን ያዙ። ቀድሞ ተቀባይ የሚገዛው ከአስተላላፊው አምራች ብቻ ስለነበር ገዢው ለአንድ ኩባንያ ታስሮ ይኖር ነበር። ኤጅቲኤክስ የተባለው ክፍት ሶፍትዌርና ኤክስፕረስኤልአርኤስ የተባለው ክፍት የግንኙነት ሥርዐት ይህን እስራት ፈትተዋል፤ የተለያዩ አምራቾች ተቀባዮች እርስ በርስ ይግባባሉ። ድሮን ይሰበራል፣ አስተላላፊ ግን ከብዙ ድሮኖች ዕድሜ ይተርፋልና እነዚህን ሁለቱን የያዘ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ መሣሪያ እመርጣለሁ።

ሞገዱን ለይቼ የጠቀስኩት በምክንያት ነው። ርቀት የሚያስጎመጃቸው ተማሪዎች 915 ሜጋኸርዝ የተጻፈበትን ይመርጣሉ። ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ ለእንዲህ ዐይነት መሣሪያዎች የተመደበው በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ክፍፍል ሁለተኛው ክልል በሚባለው በአሜሪካ አህጉር ነው። ኢትዮጵያ ያለችው ከአውሮፓና ከመላው አፍሪካ ጋር በአንደኛው ክልል ነው። በጂኤስኤም 900 ሥርዐት የሞባይል ቀፎዎች ወደ ማማ የሚልኩበት ሞገድ እስከ 915 ሜጋኸርዝ ይደርሳል፤ ማማው የሚመልስበት ከ925 ጀምሮ ይነሣል። ያ አስተላላፊ እዚህ ሲከፈት መቆንጠጫ ሳይወስድ ወደ ሜዳው እንደገባ ሰው ነው፤ ሜዳው ላይ ያሉት ደግሞ የሌላ ሰው ስልክ ጥሪዎች ናቸው። ድሮን ለማስገባትና ለማብረር ፈቃድ እንደሚያስፈልግም አትርሱ።

መሣሪያው ከተገዛ በኋላ ከመጀመሪያው በረራ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። ፕሮፔለሮቹን ሁሉ ፈትታችሁ አውጡ፤ ድሮኑን ጠረጴዛ ላይ አስራችሁ ሞተሮቹን አስነሡ፤ ከዚያም አስተላላፊውን አጥፉትና ሞተሮቹ እስኪቆሙ ድረስ በሰዓት ቁጠሩ። ካልቆሙ የበረራ ኮምፒውተሩን ቅንብር አስተካክላችሁ ሙከራውን ድገሙ፤ እስኪቆሙ ድረስ ፕሮፔለር አይገጠምም።