ርስት ያስቆጠረው ዘር

ከ1967 ዓ.ም. በፊት በጎጃም፣ በደጋ ዳሞት፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ለሚኖር ገበሬ ቅድመ አያትን ማወቅ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው «ዋና አባት» አንስቶ እስከ ራሱ ድረስ ዘሩን ቆጥሮ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ቆጠራው በአባትም በእናትም ስለሚወርድ የሴት አያቶች ስም ከወንዶቹ እኩል ተጠብቆ ኖረ። ከመሐል አንድ ስም ከጎደለ ሙግቱ ይፈርሳል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ይህንኑ የዳሞት ርስት ሥርዓት የሚተነትን ነው።

የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምጽ አንዱ ስጋቱ ርስቴን አጣለሁ የሚል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ግን ርስትን ጨርሶ አስቀረው። መሬት አልባው መሬት አገኘ፤ ዘር ቆጣሪው ደግሞ የሚሟገትበት ነገር አጣ። ልጁም አባቱን «ከዚያስ ማንን ወለደ?» ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት ቀረ።

ሆኖም የዘር ፍለጋው መንገድ አልተዘጋም። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አዛውንት ዛሬም አሉ። ዓመተ ምሕረቱን ባያውቁት እንኳ ዘመኑን በክስተት ይነግሩናል፤ አያታቸው የተወለዱት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ጦርነት ሲማረኩ ከሆነ 1874 ዓ.ም. ነው፤ «ክፉ ቀን» ካሉ ከ1880 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን የረሀብ ዘመን ማለታቸው ነው። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ የብራና መጻሕፍት ኅዳግ አለ፤ የመሬት ስጦታው፣ ሽያጩና ኑዛዜው ከነምስክሮቹ የተጻፈው እዚያ ነው። ፈላጊው ግን የአያቱን የክርስትና ስም አስቀድሞ ይጠይቅ፤ መንደሩ በአንድ ስም የጠራትን ሴት ካህኑ ወለተ ማርያም ብሎ ጽፏት ይሆናል።

አገር አቀፉ የልደትና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የኖሩት አብዛኞቹ አያቶቻችን ማኅደራቸው የሰው አንደበት ነው። ስለዚህ በመጪው በዓል አገር ቤት የምንወርድ ሁሉ ደብተርና እስክርቢቶ እንያዝ። ከእናታችን እናት እንጀምር፤ ርስት ያስቆጠረንን ዘር አሁን ፍቅር ያስቆጥረን።