ዘጠኝ ወር ያለ ዝናብ

ተከዜ ከላስታ ተራሮች ወርዶ፣ ድንበር ሲያልፍ ሰቲት ተብሎ፣ ከአትባራ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በሰኔ 1861 አትባራ ሲደርስ ግን ያገኘው አሸዋና እዚህም እዚያም የቀሩ ኩሬዎች ነበሩ። ጉማሬው፣ አዞውና ዓሣው በነዚያ ኩሬዎች ተፋፍገው ክረምቱን ይጠብቃሉ። በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ፣ በአንድ ሌሊት፣ የኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ እየተግተለተለ ደረሰና ወንዙ ሞልቶ አደረ።

በሱዳን ቆላ ይህን በጋ ማለፍ ለትንሿ የወባ ትንኝም ፈተና ነው። ውሃ ከሌለ እንቁላል የምትጥልበት የለም፤ ታዲያ ዝናቡ ሲመለስ ከየት ትመጣለች? በ1960ዎቹ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ኦመርና ክላውድስሊ ቶምፕሰን ጥያቄውን ይዘው ወጡ። በ1970 ባሳተሙት ጥናት ሴቶቹ ትንኞች በባዶ ጎጆ፣ በደረቀ ጉድጓድና በአውሬ ዋሻ ተሸሽገው ዘጠኝ ወር እንደሚቆዩ አሳዩ። ሙሉ በሙሉ አይተኙም፤ አልፎ አልፎ ደም ይመጥጣሉ፣ እንቁላላቸው ግን እጅግ በዝግታ ይበስላል።

ይህ ጥናት በሚካሄድበት ዘመን የአስዋን ግድብ ሐይቅ የሱዳኗን ከተማ ዋዲ ሀልፋን ሊውጣት ነበር። ከ1964 መጀመሪያ ጀምሮ ሃምሳ ሺህ ያህል ኑብያውያን በባቡር ተጭነው፣ አትባራ ላይ ኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ በተሠራበት ሜዳ፣ ዛሬ ኒው ሀልፋ በሚባለው ሰፈሩ። የመስኖው ቦይ በበጋም ውሃ ስለሚይዝ ትንኟ መሸሸጊያ አላስፈለጋትም። ወባም ለሰፋሪዎቹ ከባድ ሸክም ሆነ።

ረጅም ጊዜን ሰውነትን አዝግሞ የማለፉ ጥያቄ የጠፈር ተጓዦችም ነው። ወደ ማርስ የሚወስደው ጉዞ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል፤ ትንኟ የምታልፈውን በጋ ያህል ማለት ነው። ከ2013 ጀምሮ በናሳ ድጋፍ የተጠናው የስፔስዎርክስ ኩባንያ ዕቅድም ከእርሷ ስልት ብዙ አይርቅም፦ የጠፈርተኛውን ሰውነት በጥቂት ዲግሪ አቀዝቅዞ፣ በደም ሥር እየመገቡ፣ በየተራ ለሁለት ሳምንት ያህል ማደንዘዝ። ስለ ረጅም እንቅልፍ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው የበረዶ አገር ድብ ቢሆንም፣ የሰው ልጅ የቆላ ፍጡር ነውና ከሞቃቱ ምድር የሚማረው ይበዛል። በ2004 የወጣ ጥናት በማዳጋስካር የሚኖር አንድ የሌመር ዝርያ በዛፍ ሽንቁር ውስጥ እስከ ሰባት ወር እንደሚተኛ አረጋግጧል፤ ሌመር ደግሞ የእኛው የፕሪሜት ወገን ነው።

ክላውድስሊ ቶምፕሰን በካርቱም የሱዳን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምንም ይመሩ ነበር። በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ጠባቂዎች ሊደርሱላቸው ባለመቻላቸው በሙዚየሙ የነበሩት በሕይወት ያሉ እንስሳት በረሃብና በጥም አለቁ። የበጋን ምስጢር የመረመሩ ሰው የመሩት ማዕከል እንዲህ መውደቁ ለሱዳን ብቻ የሚተው ኀዘን አይደለም።